ፍሬን የለም

ሎኮሞቲቩ አንድ ጣት አልፎ ቆሟል።

ሌላ ሰው ቢሆን ልብ አይለውም፤ ልብ ቢለውም «እና ምን ይሁን?» ብሎ ያልፈዋል። እሱ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት እውነተኛውን ባቡር የነዳ ሰው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከመሄዱ በፊት የፊት ጎማውን መሳፈሪያው ጠርዝ ላይ በእርሳስ ካሰመራት ጭረት ጋር አጋጥሞ፣ የፍጥነት ማዞሪያውን ዜሮ ላይ መልሶ፣ ሶኬቱን ነቅሎ ነበር የወጣው። ይህን ሳያደርግ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ጎማው ጭረቷን አልፏታል። ጣቱን አስገብቶ ለካው፤ አንድ ጣት ሙሉ።

«ሰው ነክቶታል» አለ ለራሱ፣ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ክፍሏ ውስጥ ግን ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም።

ክፍሏ የአናጢው ናት። ከፊት ለፊት መጋዝና መላጊያ ሲጮኽ የሚውልበት የበርና የመስኮት መሥሪያው አለ። ከኋላ፣ ድሮ እንጨት ይከመርባት በነበረችው ክፍል ደግሞ ሦስቱን ግድግዳ ተከትሎ የሚዞር የኮምፔንሳቶ ጠረጴዛ አለ፤ በጠረጴዛው ላይ ሰባት ዓመት የፈጀ አገር ተዘርግቷል። ሁለት ተራራ፣ አንድ ዋሻ፣ ከመስታወት የተሠራ ወንዝ፣ ሠላሳ ስድስት ቤት ያለው ከተማ፣ ከነሰዓቱና ከነመሳፈሪያው የተሟላ ጣቢያ፤ በዚህ ሁሉ መካከል ከመዳፍ የማይረዝሙ ፉርጎዎችን እየጎተተ የሚሄድ ባቡር። ትልልቅ ሰዎች በባቡር ይጫወታሉ ብሎ መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። ሁሉም የሚስቁት መጥተው እስኪያዩ ድረስ ነው፤ ካዩ በኋላ ማዞሪያውን አንዴ እንዲያስነኳቸው ይለምናሉ።

አራት ናቸው። አናጢው ጠረጴዛውንና ቤቶቹን ይሠራል። ታናሽ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዛፉና ሣሩ፣ የመስኮቶቹ መጋረጃ ሳይቀር የእሷ እጅ ሥራ ነው። ሦስተኛው ጥርስ ሠሪ ነው። ሐኪም አይደለም፤ ለሐኪሞች ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ነው፤ እዚህ ደግሞ ፉርጎ ይቀርጻል። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ፉርጎዎች የሠራቸው ከሥራ ቦታው በተረፈ የድድ ማቴሪያል ስለነበር ዛሬም ቀለማቸው ሲፋቅ ከሥር ሮዝ ድድ ብቅ ይላል። አራተኛው ነጂው ነው። እሱ ምንም አይሠራም፤ ይነዳል፣ ያዛል፣ ይቆጣጠራል። የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ጽፎ ግድግዳ ላይ የለጠፈ እሱ ነው። ከዋሻው በፊት ፍጥነት እንዲቀነስ፣ ከኩርባው በፊት እንዲጮኽ፣ የቆመ ባቡር ሳይፈተሽ እንዳይነሳ ያዘዘ እሱ ነው።

ከሕጎቹ ሁሉ ግን አንዱ የባሰ ነበር። በጠረጴዛው ላይ ሰው አይቆምም። በከተማው ጎዳና፣ በጣቢያው አግዳሚ ወንበር፣ በቤቶቹ ደጃፍ አንድም ሰው የለም። ምክንያቱን ሲጠይቁት «ሰውን በልኩ ማንም አይሠራም። ያልተስተካከለ ሰው ካጠገቡ ሲቆም ባቡሩ መጫወቻ ይመስላል» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ልብስ ሰፊዋ «በሽታ የፈጀው ከተማ መሰለ እኮ ጋሼ» ብላ አንድ ሁለት ጊዜ ሞክራ ነበር። አልሰማትም፤ ከዚያ ወዲህ ተወችው፣ ወይም የተወችው መሰለው።

መነጽሩን አስተካክሎ ወደ መሳፈሪያው ጎንበስ አለ። ግራጫው ቀለም ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አየ። የደረቀ ኮላ ነው። አንዲት ጠብታ፣ ከጎኗ ሌላ ጠብታ። ትንሽ አለፍ ብሎ እንደገና ሁለት። እንደገና ሁለት። መሳፈሪያውን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ሁለት እየሆኑ ሄደዋል፤ አንዳንዱ ጥንድ በምላጭ ተፍቋል፣ አንዳንዱ አልተፋቀም።

ደሙ ፈላ። ሁለት ሁለት ሆኖ የሚሄድ ነገር ለባቡር ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ሐዲድ። አግዳሚው እንጨት ላይ ሁለት ብረት፣ ለየብረቱ መያዣ፣ ሁለት ሁለት እያለ እስከ አገር ዳርቻ። እነዚህ ሰዎች መሳፈሪያውን አፍርሰው አዲስ መስመር ሊዘረጉ ልካቸውን እየሞከሩ ነው። ሳይነግሩት። አዲስ መስመር ካለ ደግሞ አዲስ ነጂ አለ ማለት ነው።

ያቺ በማዞሪያው ፊት ያለችው ወንበር ለእሱ ምን እንደሆነች ማንም አያውቅም። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሳምንቱ አንድ ቀን ብቻ ነበረው፤ ቅዳሜ። ሌላው ስድስት ቀን ቅዳሜን መጠበቂያ ነው። ወንበሯን ቢያጣ ጠዋት ተነስቶ ፊቱን የሚታጠብበት ምክንያት አይኖረውም ነበር።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እሱ ቀድሞ ጠረጠረ።

ሌሎቹ አራት ሰዓት ላይ ተሰበሰቡ። እንደ ወትሮው መጀመሪያ እያንዳንዱ የሳምንቱን ሥራውን ጠረጴዛ ላይ አወጣ። አናጢው ከክብሪት እንጨት ያቆመውን የውሃ ማማ አሳየ፤ መሰላሉ አሥራ ዘጠኝ መርገጫ አለው፣ ሁለቱ ጠማማ ናቸው፣ እሱም «ሆን ብዬ ነው ያጣመምኳቸው፤ ያረጀ እንዲመስል» አለ። ማንም አላመነውም። ጥርስ ሠሪው ሦስት የነዳጅ ፉርጎ በጥጥ ጠቅልሎ አምጥቷል። በርሜሎቹን ከመድኃኒት ብልቃጥ ቅርጽ አውጥቶ፣ በጄሶ ሞልቶ፣ ዝገቱን በሻይ ቅጠል ነው የቀባው።

«በሻይ ቅጠል?» አለ አናጢው።

«ሦስት ጊዜ አፍልቼ። የመጀመሪያው ቡኒ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ነው ዝገት የሚሆነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ነጂው ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ አንስቶ፣ ጎማቸውን አሽከርክሮ፣ ክብደታቸውን በመዳፉ መዝኖ «ይሄ ከኩርባው ይወጣል» ወይም «ይሄ ይሄዳል» ይል ነበር። ዛሬ አላነሳቸውም። ሰዎቹን ነበር የሚያየው።

«የት ነው የምታቆሟቸው?» አለ።

«ምኑን ጋሼ?» አለ አናጢው።

«ፉርጎዎቹን ነዋ። መስመሩ ሞልቷል። አዲስ መስመር ያስፈልጋል፣ አይደል?» ብሎ ዓይን ዓይናቸውን አየ።

አናጢው እህቱን አየ። እህቱ ጥርስ ሠሪውን አየች። ጥርስ ሠሪው ጥጡን መጠቅለል ጀመረ። ነጂው ይህን ሁሉ ቆጠረ። ከሁሉ ያጠራጠረው ደግሞ ጥርስ ሠሪው ነበር፤ ሁለቱ ወንድምና እህት «አንተ» ሲሉት ይሄ ብቻ «እርስዎ» ይለዋል፣ ትሕትናው ከልክ ያለፈ ነው። ልክ ያለፈ ትሕትና ከኋላው አንድ ነገር ይደብቃል ብሎ ያምናል።

«እርስዎ ካሉ እንግዲህ…» አለ ጥርስ ሠሪው። «ያለው መስመር ግን የሚበቃ ይመስለኛል።»

«ሳምንቱን ባቡሩን የነካ ሰው አለ?»

«ኧረ ማን ይነካዋል!» አሉ ሦስቱም ባንዴ። ሦስት ሰው ባንዴ አንድ ዓይነት ቃል የሚናገረው ተማክሮ ሲመጣ ነው። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ሰብሰብ ስታደርግ ከእግሮቿ መካከል የጫማ ካርቶን አየ። ቀድሞ ዕቃዋን በቦርሳ እንጂ በካርቶን አምጥታ አታውቅም።

«በካርቶኑ ውስጥ ምንድን ነው?»

«የደንበኛ ጫማ ነው ጋሼ» አለችው።

ልብስ ሰፊ የማንን ጫማ ትይዛለች? ነገሩን በሆዱ ያዘው።

ያን ቀን የነዳው እንደ ነገሩ ነው። ሁለት ጊዜ ዘገየ፤ ሁለት ጊዜ ሲዘገይም ማንም አልቀለደበትም፣ ይህም አጠራጠረው። ሊወጣ ሲል ከበሩ ጎን ያለውን ግድግዳ አየ። አናጢው ደብተር የለውም፤ ያለው እርሳስና ግድግዳ ነው። የደንበኛውን በር፣ የመስኮቱን ልክ፣ የእንጨት ኮላውን ብዛት ሁሉ እዚያው ይጽፋል። «በር 90 በ210»፣ «መስኮት ሁለት፣ ካገኘሁ ዋንዛ»፣ ከሥሩ ደግሞ ገና ትኩስ በሆነ እርሳስ፣

«ረቡዕ 9 ሰዓት። ፍሬን የለም። ኮላ አምጪ።»

«አምጪ» ያለው እህቱን ነው። ኮላው ግልጽ ነው፤ መሳፈሪያው ላይ አይቶታል። ረቡዕም ግልጽ ነው። ፍሬን ግን ምንድን ነው? እነዚህ መጫወቻ ባቡሮች ከመጀመሪያውም ፍሬን የላቸውም፤ የሚቆሙት ማዞሪያው ሲዞር ነው። የሌለውን ነገር የለም ብሎ መጻፍ ምን ይባላል? መንገዱን ሁሉ ይህን እያሰላሰለ ሄደ። ቁልቁለት ሊሠሩ ነው እንዴ? በቁልቁለት ያለ ፍሬን! ሳያስበው እርምጃው ፈጠነ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። ወረቀት አውጥቶ የኮላውን ጠብታዎች ሣለላት፣ መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ በቀስት አሳያት፣ የሎኮሞቲቩን አንድ ጣት፣ የካርቶኑን ነገር፣ የሦስቱን ባንዴ መናገር ሁሉ በዝርዝር አቀረበላት። እንዲህ ብዙ ያወራት ከተጋቡ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሆነ ታስታውሳለች። ሸሚዙን ሳትለቅ ሰማችው። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ሲነግራት ግን ካውያውን አቁማ ሳቀች፤ መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ በሙሉ አፏ።

«ምን ያስቅሻል?»

«አንተዬ፣ ፍሬን እኮ አንተ ነህ።»

«ምን?»

«ፍሬን። ስምህ ነው። የጥርስ ሠሪው ሚስት ገበያ ላይ አግኝታኝ ‹ፍሬን እንዴት ናቸው?› ብላ ምላሷን ነከሰች። ሁለት ዓመት ሆነው።»

«ሁለት ዓመት! አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? ስድብ አይደል። ደግሞ…» ካውያዋን አነሳች። «ደግሞም ውሸት አይደለም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ከኋላው ሲጠራው ኖሯል፣ እሱ ግን አልሰማም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን አየው። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት፤ ፍሬን የለም። እሱ የለም። እሱ እንዳይኖር ነው። ቅስሙ ስብር አለ። ሐዲድ ቢሰርቁት ይሻለው ነበር።

«ሄደህ ጠይቃቸው» አለች ሚስቱ። ሳቋ ጠፍቶ ነበር፤ ፊቱን አይታለች።

«አልጠይቅም። እይዛቸዋለሁ።»

«እነሱስ ምን ያድርጉ? አንተ አትነግራቸው፣ እነሱ አይጠይቁህ።»

«ምኑን ነው የምነግራቸው?»

ቀና ብላ አየችውና ወደ ሸሚዙ ኮሌታ ተመለሰች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሁለቱ መካከል አንድ ያልተነሳ ነገር ነበር። አንድ ቀን ከሥራ መጥቶ ለአምስት ቀን እህል አልቀመሰም፤ አልጠየቀችውም፣ አልነገራትም። ሆድ ይፍጀው ብለው ተዉት፤ ሆዱም እየፈጀው ኖረ።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሄደ። ዘግይቶ የሄደው እጅ ከፍንጅ ሊይዛቸው ነው። መጋዙ ቆሟል፣ መሥሪያው ውስጥ ሰው የለም፤ የኋለኛው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ከዚያ ውስጥ ሳቅ ሰማ። ሰባት ዓመት ሲያውቀው አናጢው እንዲህ ሲስቅ ሰምቶት አያውቅም፤ እንደ ልጅ ትንፋሽ እያጠረው ይስቃል። ጥርስ ሠሪው ደግሞ አፍንጫውን ይዞ እንደ ድምፅ ማጉያ ይናገራል።

«ክቡራን መንገደኞች! ባቡሩ እንደተለመደው ዘግይቷል። የዘገየበትን ምክንያት ለማወቅ የሚፈልግ መንገደኛ ነጂውን ሄዶ ይጠይቅ፤ ነጂው ግን አይናገርም!»

እንደገና ሳቅ። የነጂው ጆሮ ጋለ። ስለ ማን እንደሚያወሩ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበር። በሩን ገፍቶ ገባ።

«መስመሩን ወዴት ልትወስዱት ነው?» ብሎ ጮኸ።

ሦስቱም ደርቀው ቀሩ። ጥርስ ሠሪው ተቀምጦ የነበረው በእሱ ወንበር ላይ ነው፣ እጁም ማዞሪያው ላይ ነው። በድንጋጤ እጁ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዞረው፤ ከዋሻው እየወጣ የነበረው ባቡር ተወርውሮ ወደ ጣቢያው መጣ።

በዚያን ጊዜ ነው ነጂው ያየው። አዲስ ሐዲድ የለም። መሳፈሪያው ላይ ሰዎች ቆመዋል። ቁመታቸው ከአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ ይበልጣል፤ ጭንቅላታቸው የስፒል ራስ ነው፣ አካላቸው ሽቦ፣ ልብሳቸው ክር። አንዲት ሴት ሻንጣ ይዛለች። ሁለት ልጆች አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ወፍራም ሰውዬ ጋዜጣ ዘርግቷል። እያንዳንዳቸው በሁለት እግር፣ እያንዳንዱ እግር በአንዲት ጠብታ ኮላ። ሁለት ሁለት የሚሄደው ሐዲድ ብቻ አይደለም፤ ሰውም ነው። ይህን ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር የነዳ ሰው ረስቶት ነበር።

ከሰዎቹ አንዱ፣ ቀይ ሻርፕ ያደረገው፣ ወደ ጠርዙ ቀረብ ብሎ ቆሟል። ኮላው ገና አልደረቀም ነበር።

«ፍሬን!» አለ ነጂው። «ፍሬን ያዝ! ያዝ እንጂ!»

«የለውም! ፍሬን የለውም ጋሼ!» አለ ጥርስ ሠሪው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጋሼ» አለው። ማዞሪያውን ወዴት እንደሚያዞር ጠፍቶት በሁለት እጁ ያዘው።

የሎኮሞቲቩ ጎን ባለ ሻርፑን ነካው። ከቦታው ነቅሎ ሐዲዱ መካከል ጣለው፣ አለፈበት፤ ከኋላ ያሉት የነዳጅ ፉርጎዎችም አለፉበት። ልብስ ሰፊዋ ተንጠራርታ ሶኬቱን ነቀለች። ባቡሩ ጥቂት ሄዶ ቆመ።

ማንም አልሳቀም። ነጂው ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ እንደቆመ ቀረ፤ የሌለ ማንሻ የያዘ ይመስል እጆቹ ተጨብጠዋል። ፊቱ አመድ መስሏል። አናጢው ወንበር አምጥቶ ከኋላው አስጠጋለት፣ ትከሻውን ተጭኖም አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ እንደ እውነቱ እኛ ነን ያጠፋነው» አለ አናጢው። «መደበቅ አልነበረብንም። ግን እውነቱን ልንገርህ? ቅዳሜ ሥራ ነው። ስናዘገይ ትቆጣለህ፣ ስናስቅህ አትስቅም። ረቡዕ መጫወት አማረን። ሌላ ምንም የለውም።»

«እኔ ነኝ የጀመርኩት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ባዶ ከተማ አልወድም። ቅዳሜ ከመምጣትህ በፊት እነቅላቸውና በካርቶን እወስዳቸዋለሁ።»

ነጂው ሐዲዱ ላይ የወደቀውን ይመለከት ነበር። የተባለውን መስማቱም አጠራጠራቸው። ከዚያ ሳይጠየቅ ተናገረ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«የጭነት ባቡር ፍሬን ከያዝክ በኋላ ስምንት መቶ ሜትር ይሄዳል። ታውቃላችሁ? ስምንት መቶ ሜትር። ፍሬኑን ይዤዋለሁ። ጡሩምባውንም ነፍቻለሁ። የቀረውን መንገድ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ሌላ የሚደረግ ነገር የለም። ከፊቴ ሰው ቆሟል፣ እኔ ተቀምጫለሁ።»

አናጢው ከፊቱ ቁጢጥ አለ።

«መቼ ነው?» አለው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ጥፋተኛ አይደለህም አሉኝ። ወረቀትም ሰጡኝ። ሰው በልኩ አይሠራም ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። ሰው ሐዲድ አጠገብ ሲቆም ማየት አልችልም፤ በቃ። ስፒልም ቢሆን።»

ጥርስ ሠሪው ከወንበሩ ተነስቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን በመሐረብ ጠርጋ ካርቶኗን ከፈተችና ከመሳፈሪያው ላይ ሰዎቹን መንቀል ጀመረች። ሴትዮዋን ከነሻንጣዋ፣ ቀጥሎ ጋዜጣ አንባቢውን።

«ተዪያቸው» አላት።

«አይ ጋሼ፣ ይነሱ። አላወቅንም እኮ።»

«ተዪያቸው አልኩሽ። እነሱ ምን አጠፉ? ባቡር ነው የሚጠብቁት።»

እጇን ሰበሰበች። ባለ ሻርፑን ግን ከሐዲዱ ላይ አንስታ የተጣመመ እግሩን በጥፍሯ ልታቃና ሞከረች። እንደ ልማዷ ሳታስብ ጠየቀችው።

«ማን ነበር ጋሼ?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም?»

«አልወረድኩም። ረዳቴ ነው የወረደው። እኔ ማንሻውን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ እጄን እነሱ ናቸው ያላቀቁልኝ። ተመልሶ ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት ‹ዝም በል› አልኩት። ዝም አለ። ወረቀቱንም ሳላነበው ነው የፈረምኩት። ሴት ትሁን ወንድ፣ ሽማግሌ ይሁን ልጅ አላውቅም። ከሩቅ ያየሁት ጨርቅ ብቻ ነው።» እጁን ወደ ውጭ ቀሰረ። «ረዳቴ እዚሁ ነው የሚኖረው፤ ከዳቦ ቤቱ ኋላ። ሲመጣ ካየሁ መንገድ እሻገራለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሊነግረኝ እንደሚፈልግ አውቃለሁ።»

እግዜር ያጥናህም አይባል፣ አይዞህም አይበቃም። አናጢው ብቻ በትልቅ እጁ ጉልበቱን መታ መታ አደረገው። ነጂው ተነሳ፤ ኮቱን አስተካከለ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ትመጣለህ አይደል?» አለ አናጢው፤ ልመና ነበረበት።

«ካልከለከላችሁኝ ረቡዕም እመጣለሁ።»

«ማን ይከለክልሃል! ወንበርህ ነው» አለ አናጢው። ጥርስ ሠሪው በፍጥነት ራሱን ነቀነቀ።

ወጣ። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በስተቀኝ ነበር፤ በስተግራ ዞረ። ዳቦ ቤቱን አለፈ። ሁለት ጊዜ ቆሞ፣ አንዴም ሊመለስ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ፣ በመጨረሻ አንድ ሰማያዊ የብረት በር ላይ ደረሰ። ምን ብሎ እንደሚጀምር ያሰበው ሁሉ ጠፋበት። አንኳኳ።

በሩን የከፈተው ረዳቱ ራሱ ነው። ሸብቷል፣ በከዘራ ነው የቆመው። ጣቶቹ በሳሙና አረፋ ተለብጠዋል፤ ዕቃ እያጠበ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ሰላምታ አልተለዋወጡም።

«ማን ነበር?» አለ ነጂው።

ረዳቱ «የቱ?» ብሎ አልጠየቀም። እጁን በሱሪው ጠርጎ በሩን ሰፋ አድርጎ ከፈተለት።

«ሴት ልጅ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር» አለ። «ግባ። እናቷን በየዓመቱ ሄጄ እጠይቃታለሁ። በሄድኩ ቁጥር ደግሞ ‹ያ ነጂ እንዴት ሆነ?› ትለኛለች።»